ከጀርባዋ የታየች ሙሽራ

ብርቅአየሁ ፊያሜታን ስዊድን ውስጥ፣ ብሬዴንግ በሚባል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ግድግዳ ላይ ድንገት ስታያት በአንድ እጇ ምስር፣ በሌላው ሎሚ ይዛ ነበር። በድንጋጤ የጣለችው ነገር የለም፤ እንዲያውም ከረጢቶቿን ይበልጥ አጥብቃ ያዘች። ከቆመችበት ግን ንቅንቅ አላለችም። ባቡሯ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ በሩን ዘጋ፣ ሄደ።

ፊያሜታ ብሬንታ ጣልያናዊት የፊልም ተዋናይ ናት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ፎቶ የወጣትነቷ ነው፤ ቅንድቧ ቀጥኖ ተስሏል፣ አንገቷን ወደ ጎን ሰበር አድርጋለች፣ የሚያያትን ሰው ሁሉ «ደግሞ አንተ ምን ፈለግህ?» የምትል ትመስላለች። ከሥሩ በስዊድንኛ የተጻፈው ግልጽ ነበር። ሶደርማልም በሚባል ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ ሲኒማ ቤት ሳምንቱን ሙሉ የፊያሜታ ፊልሞች ይታያሉ። ዐርብ ማታ ተዋናይቷ ራሷ ትገኛለች። ከዚያም ለብዙ ዓመት ጠፍቶ በቅርቡ የተገኘ አንድ ፊልም ይቀርባል። ስሙ «የሐይቁ ሙሽራ» ነው።

ያ ፊልም የተነሣው ቢሾፍቱ ነው። ሙሽራዋም፣ ቢያንስ ከጀርባዋ ስትታይ፣ ፊያሜታ አልነበረችም። ብርቅአየሁ ነበረች።

ጊዜው ፈረንጆች ሁለት ሺህ አራት የሚሉት ዓመት፣ ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ ነው። ቮርቢ ጎርድ በሚባለው ሰፈር ያለው ቤቷ ስትደርስ ባሏ ወልደማርያም ወጥ ቤት ተቀምጦ ሽንኩርት ይልጣል። ዕድሜውን በከተማ አውቶቡስ ነጂነት ጨርሶ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ወጥ ቤቱን እንደ ሾፌር ክፍል ይዞታል፤ ቢላው በስተቀኝ፣ ጨው በስተግራ፣ ማንም አይነካበትም።

«ሀይሌና ባዩሽ እሁድ ሊቆርቡ ነው» አላት፣ ቀና ሳይል።

«ሰምቻለሁ።»

«አባ ስምሽን ከስሜ ጋር ይያዙት እንደሆነ ጠየቁኝ። ምን ልበላቸው?»

«ጉልበቴን እያመመኝ ነው። ቅዳሴው ደግሞ ረጅም ነው።»

«አምና ጉልበትሽ ነበር። ካቻምና ጥርስሽ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ ሥራ በዛብኝ ነበር።» ሽንኩርቱን አስቀመጠ። «ብርቄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኔ ለአንቺ አሁንም ተሳፋሪ ነኝ? የሚወርድበት ጣቢያ ያልደረሰ?»

ዓይኑ ዕንባ አቅርሮ ነበር። የሽንኩርቱ ይሁን የሌላ፣ አልጠየቀችውም።

እንደ እነሱና እንደ ሀይሌና ባዩሽ ተሰደው የመጡ፣ በማዘጋጃ ቤት ፊርማ ብቻ የተጋቡ የዘመናቸው ሰዎች፣ እርጅና በሩን ማንኳኳት ሲጀምር አንድ በአንድ እየቆረቡ ትዳራቸውን በእግዚአብሔር ፊት ያጸኑ ነበር። ቁርባን መመለሻ የለውም፤ ከሞት በቀር የሚፈታው የለም። ወልደማርያም ይህን ነበር የሚፈልገው። ብርቅአየሁም የምትፈልገው ይህንኑ ነበር። የማትችለው ግን አንድ ጊዜ በተክሊል የተዳረች ስለመሰላት ነው። ይህንን ለባሏም፣ ለንስሐ አባቷም፣ ለማንም ነግራ አታውቅም። ያልተጠየቀ ጥያቄ ቢያንስ ክፉ መልስ አያመጣም ብላ አርባ ዓመት ያህል ዝም አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ሳለ፣ ቢሾፍቱ አክስቷ ቤት ስትኖር፣ የጣልያን ፊልም ሠሪዎች በብዙ መኪና መጥተው ሐይቁ ዳር ሰፈሩ። ታሪኩ ስለ አንዲት የሐበሻ ልዕልት ነው ተባለ፤ ልዕልቷ ግን ፊያሜታ ናት። ጠዋት ጠዋት ፊቷን ቡናማ ቀለም ይቀቧታል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ሲከር ቀለሙ በላብ እየወረደ የጥበብ ቀሚሷን ያበላሻል፤ ያጥቧታል፣ እንደገና ይቀቧታል። ሰፈሩ ሁሉ ሥራ ፈቶ ይህንን ሲያይ ይውል ነበር።

የሠርጉ ትዕይንት የሚነሣ ዕለት ግን ፊያሜታ አልቆምም አለች። ለምን እንደሆነ ለተመልካቹ የነገረው የለም። አድነው የሚባለው ቀልጣፋ አስተርጓሚ በሕዝቡ መካከል እየተሽሎከሎከ በቁመት እሷን የምታክል ልጅ ሲፈልግ ብርቅአየሁን ከአክስቷ አጠገብ አገኛት።

«እትዬ፣ ይቺን መለሎ ለግማሽ ቀን ያውሱን።»

«ልጅ እንደ ሙቀጫ ይዋሳል እንዴ?» አሉ አክስቷ።

«ከጀርባዋ ብቻ ነው የምትታየው። ፊቷን ማንም አያይባትም።»

«እንግዲያ ምን ከፋ! ፊቷ ካልታየማ ከቤት አልወጣችም ማለት ነው።»

ቄሱ ግን የተዋናይ ቄስ አልነበሩም። የአጥቢያው አገልጋይ መምሬ ይግዛው ነበሩ፤ ፊልም ሠሪዎቹ ለቤተ ክርስቲያኑ የጣሪያ ቆርቆሮ ሊሰጡ ቃል ገብተው ነው ያመጧቸው። ዘውዱም ከዕቃ ቤት የወጣ እውነተኛ ዘውድ ነበር። በትዕይንቱ መጨረሻ ሽፍቶች እየተኮሱ ገብተው ሠርጉን ይበትናሉ፤ ስለዚህ አድነው ለሙሽራዋ ጥጥ አመጣላት። «ጥይቱ ባዶ ነው፤ ጩኸቱ ግን ባዶ አይደለም» ሲላት ፈርታ ጆሮዎቿን ጥቅጥቅ አድርጋ ወተፈቻቸው። ትከሻዋ ላይ ካባ ደረቡላት።

ልዑሉን ከሚጫወተው ጣልያናዊ ጎን ቆመች። መምሬ ይግዛው መስቀል ይዘው ከፊቷ ቆሙ። ጢማቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዜማቸው ግን በጥጡ ውስጥ ከሩቅ እንደሚሰማ የንብ ድምፅ ብቻ ነው። ከራሳቸው በላይ፣ በረጅም እንጨት ጫፍ፣ የድምፅ መቅረጫ ተንጠልጥሏል። ዘውዱን ደፉላት፤ ከበዳት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ዓይኗን እያዩ አንድ ነገር አሏት። አድነው አስቀድሞ «ቄሱ ሲያዩሽ ራስሽን ነቅንቂ፣ እሺ ማለት ነው» ብሏት ነበር። ነቀነቀች። ወዲያው ተኩሱ ሆነ።

ማታ አክስቷ እግራቸውን እየታጠቡ፣ «ቄሱ እውነተኛ፣ ዘውዱ እውነተኛ፣ አንቺም እሺ ብለሻል» አሏት። «ተክሊል የደፋ ራስ ሁለተኛ አይደፋም። እንግዲህ ባልሽ ጣልያን ነው።» እየቀለዱ ይሁን የምራቸውን አልለየችም፤ አክስቷ ሲቀልዱም ሲቆጡም ፊታቸው አንድ ነበር። መምሬን መጠየቅ ይቻል ነበር። ነገር ግን መምሬ መንገድ ላይ ባገኟት ቁጥር ፈገግ ብለው «ሙሽሪት፣ እንዴት ነሽ?» ይሏታል። ለእሷ ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ የመምሬን ጥምጥም ከሩቅ ስታይ መንገድ ትቀይር ጀመር፤ ዓመቱ ሳያልቅም አዲስ አበባ ገባች።

ፊልሙ አገር ቤት ሳይታይ ቀረ፤ ሳንሱር ከለከለው ተባለ። ፊያሜታ ግን አልቀረችም። ብርቅአየሁ አዲስ አበባ ሲኒማ ስትገባ የሮማውያን ባሪያ ሆና ከአንበሳ ፊት ቆማ አገኘቻት። በሌላ ጊዜ የዳቦ ጋጋሪ ሚስት ሆና ባሏን በመዳመጫ ስታባርረው አየቻት። በስደት ገዳሪፍ ሳለች፣ ግድግዳ ላይ በተወጠረ አንሶላ፣ የወንበዴ እጮኛ ነበረች። ስዊድን ከገቡ በኋላ ደግሞ በቴሌቪዥን መጣች፤ መጀመሪያ ልጆቿን በዓይኗ የምትገዛ እናት፣ ቀጥሎ ሲጋራ የምትደብቅ መነኩሲት፣ በመጨረሻም ውርስ የማታካፍል አያት። አንዷ ሴት ስታረጅ ሌላዋም አብራት አረጀች።

ፊያሜታ በየፊልሙ ታገባለች፤ በአንዱ መርከብ ላይ፣ በሌላው እስር ቤት ውስጥ፣ በሌላው እያለቀሰች። ፊልሙ ሲያልቅ ቬሎዋን አውልቃ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ብርቅአየሁ የተዳረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱኑ ማውለቅ አቃታት።

ቤተሰቡ ይህን ሁሉ አያውቅም። የሚያውቀው እናትየው ጣልያናዊቷን እንደምትወዳት ብቻ ነው። ፊያሜታ ቴሌቪዥን ላይ ስትመጣ ወልደማርያም «ነይ፣ ዘመድሽ መጥታለች» ብሎ ይጠራት ነበር።

ስለዚህ ሐሙስ ማታ ልጃቸው አክሱማዊት ሦስት ትኬት ይዛ መጣች። ሶደርማልም የምትኖር፣ አማርኛ ሰምታ በስዊድንኛ የምትመልስ፣ ስትቸኩል ሁለቱንም የምትደባልቅ ልጅ ናት።

«ሜን ማማ፣ ግን እማዬ!» አለች፣ እናቷ ትኬቶቹን እንደ ትኩስ ድስት ስትሸሻቸው። «ፊያሜታ ራሷ ትመጣለች እኮ! ቢሾፍቱም ይታያል!»

«በጾም ሲኒማ?» አለች ብርቅአየሁ።

«ሲኒማ ቅቤ የለውም» አለ ወልደማርያም። ሳምንቱን ሙሉ ከተናገረው ሁሉ ይህች ብቻ ቀልድ ነበረች። «ሂጂ እንጂ። ለቅዳሴ ያመመሽ ጉልበት ለሲኒማ ይሻለው ይሆናል።»

ብርቅአየሁ ሌሊቱን አሰበችበት። ብትቀር፣ እሁድ እንደ አምናው ሰበብ ትፈልጋለች። ብትሄድ ግን መምሬ በዚያ ቀን ያሉትን በጆሮዋ ትሰማው ይሆናል። አሁን የተክሊልን ጸሎት ታውቀዋለች፤ በየሠርጉ ሰምታዋለች። እሱው ከሆነ ሁሉን ለወልደማርያም ትነግረዋለች፣ እንደማይቆርቡም ቁርጡን ያውቃል። ካልሆነ ደግሞ... ካልሆነ የሚለውን ግን ለማሰብ እንኳ አልደፈረችም።

ዐርብ ማታ ማሪያቶርየት ጣቢያ ሲወርዱ ገና ብርሃን ነበር። ሰዉ ካፌዎቹ ደጅ ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ ጥሎ ተቀምጧል። ሲኒማ ቤቱ ሞልቶ ጠበቃቸው። ወልደማርያም በመሃል፣ ሚስቱና ልጁ በግራና በቀኙ ተቀመጡ።

ፊያሜታ ቀይ ሻርፕ ጠምጥማ፣ ከዘራ ይዛ መድረክ ላይ ወጣች። ቅንድቧ አሁንም ያው ነው። ስንት ፊልም እንደሠራች ሲጠይቋት፣ «ጥሩዎቹን ነው ወይስ ሁሉንም?» ብላ አዳራሹን አሳቀችው። አስተርጓሚዋ ወደ ስዊድንኛ ይመልሳል። በልጅነቷ በቁንጅና ውድድር ሁለተኛ መውጣቷን፣ አንደኛ የወጣችው አግብታ ስትቀር እሷ ወደ ፊልም መግባቷን፣ ለሃያ ዓመት ቆንጆ፣ ለሃያ ዓመት እናት፣ አሁን ደግሞ ሬሳ ሆና እንድትሠራ ብቻ እንደሚጠሯት ተናገረች። «ሬሳ ጥሩ ነው፤ የሚሸመደድ ነገር የለውም።»

ከዚያ ስለ ዛሬው ፊልም ጠየቋት።

«በሠርጉ ትዕይንት ላይ የምታዩዋት እኔ አይደለሁም» አለች። «ቄሱ እውነተኛ ናቸው አሉኝ። እኔ የናፖሊ ልጅ ነኝ፤ ሮም ደግሞ እጮኛ ነበረኝ። እውነተኛ ቄስ፣ እውነተኛ ዘውድ! የምር ቢያጋቡኝስ? ያ ተዋናይ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ከአፉ አይለይም ነበር።» ሕዝቡ ሳቀ። ፊያሜታ ግን ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በእኔ ፋንታ አንዲት የአገሩን ልጅ አቆሙ። አልፎ አልፎ ትታወሰኛለች። እኔ የፈራሁትን ነገር ለእሷ አስይዤ ነው የሄድኩት።»

ብርቅአየሁ እስከዚያች ሰዓት ድረስ፣ በልቧ ጥግ፣ ነገሩ የአክስቷ ቀልድ ብቻ ይሆናል የሚል ትንሽ ተስፋ ነበራት። አሁን ጣልያናዊቷ ተዋናይም ያንኑ ፈርታ ኖሯል። ፍርሃቷ ምስክር አገኘ።

መብራቱ ጠፋ።

የቢሾፍቱ ሐይቅ መጣ፤ ውሃው ልክ እንደ ጥንቱ ነበር። ከዚያ ፊያሜታ በቡናማ ፊቷ መጣች። ወልደማርያም መሳቅ የጀመረው ወዲያው ነው። ተዋናዮቹ ብቻ ሳይሆኑ ውሃ ቀጂውም፣ በቅሎ ጎታቹም፣ እረኛውም ጣልያንኛ ይናገራሉ፤ የሁሉም ድምፅ በኋላ ሮም ውስጥ በሌሎች ሰዎች የተሞላ ነው።

«የአድአ ገበሬ ጣልያንኛ ሲያቀላጥፈው!» አለ በሹክሹክታ። «ለበሬውም ጣልያንኛ አስተምሮታል።»

«አባዬ፣ ሽሽ!»

ብርቅአየሁ አልሳቀችም። ድምፁ ሁሉ የተቀየረ ከሆነ የመምሬም ድምፅ ተቀይሯል፤ እንግዲያው በከንቱ ነው የመጣችው። እንዲህ እያሰበች ሳለ እምቢልታው ተነፋና ሠርጉ ጀመረ።

ሙሽራዋ ከጀርባዋ ታየች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ካባ የከበዳት። አንድ እግሯን አንሥታ የሌላውን ቁርጭምጭሚት ታክካለች። ዳይሬክተሩ ይህንን ሳያየው ቀርቶ ይሁን ወይም ወድዶት፣ አልቆረጠውም።

ወልደማርያም ሳቁን አቆመ።

«ብርቄ» አለ። «ይቺ ልጅ አቋቋሟ...»

«ምን ሆነ?»

«ዕቃ ስታጥቢ እንዲህ አይደል የምትቆሚው?»

በጨለማው ውስጥ ዞሮ አያት። መልስ ከመስጠቷ በፊት የቄሱ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ድምፁ የሮማ ሰው ድምፅ አልነበረም። ሮም ውስጥ ያንን ዜማ የሚያወጣ ሰው ከየት ይመጣል? እንዳለ ትተውት ኖሯል። መምሬ ይግዛው ራሳቸው ነበሩ፤ ትንሽ ጎርነን ያለው፣ በአፍንጫ የሚያልፈው፣ በየሰንበቱ የምታውቀው ድምፅ። ብርቅአየሁ ዓይኖቿን ጨፈነች። የተክሊሉን ጸሎት ጠበቀች።

«ሀ... ግዕዝ» አሉ መምሬ፣ በረጅሙ፣ በሚያምር ዜማ። «ሁ... ካዕብ። ሂ... ሣልስ። ሃ... ራብዕ።»

ዓይኗን ገለጠች።

«ሄ... ኀምስ። ህ... ሳድስ። ሆ... ሳብዕ።» መስቀላቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። «ለ... ግዕዝ! ሉ... ካዕብ!»

ከፊታቸው የተቀመጡት ስዊድናውያን በአክብሮት ጸጥ ብለዋል። አንዲት ሴት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች። የወልደማርያም ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ብርቅአየሁ ያለቀሰ መስሏት ደነገጠች። እሱ ግን መሐረቡን አፉ ውስጥ ጎስጉሶ ነበር።

«አባዬ!» አለች አክሱማዊት፣ በሙሉ ድምፅ፣ በጥሩ አማርኛ። «ይሄ ፊደል ነው! ፊደል እየቆጠሩ ነው!» በልጅነቷ አባቷ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ያስጠናት በዚሁ ዜማ ነበር። ሰዎች ዞረው ገላመጧቸው።

መምሬ ሐን ጨርሰው መ ላይ ሲደርሱ ዘውዱን አነሡ። ሙ ካዕብ ብለው ደፉላት። ከዚያ ጎንበስ አሉ፤ ዜማውን ሳያቋርጡ፣ ፊታቸውን ሳያላሉ፣ በአማርኛ ቀጠሉ።

«ልጄ ሆይ... አትፍሪ... ይህ ጨዋታ ነው... ዘውዱ ለጣሪያችን ነው እንጂ ለራስሽ አይደለም... ለማንም አልዳርሁሽም... ወደ ቤትሽ ነጻ ግቢ... ሰማሽኝ ወይ?»

ስክሪኑ ላይ ያለችው ሙሽራ ራሷን ነቀነቀች።

ተኩሱ ሆነ። ፈረሶቹ ገቡ። ብርቅአየሁ ከዚያ በኋላ ያለውን ፊልም አላየችም። ለካ በየመንገዱ «ሙሽሪት፣ እንዴት ነሽ?» ይሏት የነበረው የገባት መስሏቸው ነው። ሁለቱ ብቻ በሚያውቁት ቀልድ ላይ በየቀኑ አብራቸው እንድትስቅ ይጋብዟት ኖረዋል፤ እሷ ደግሞ በየቀኑ መንገድ ትቀይራለች። ዕንባዋ ወረደ፤ ሳቋም አብሮ መጣ፤ ሁለቱን መለየት አልቻለችም፣ ለመለየትም አልሞከረችም። አንድ ከባድ ካባ ከትከሻዋ ላይ ቀስ ብሎ ሲወርድ ተሰማት።

መብራት ሲበራና ሰዉ መውጣት ሲጀምር እነሱ እንደተቀመጡ ቀሩ። ነገረችው። ስለ አክስቷ፣ ስለ ጥጡ፣ ስለ ዘውዱ፣ ስለ ጉልበቷና ስለ ጥርሷ። አክሱማዊት አፏን ከፍታ ታዳምጣለች። ወልደማርያም እስክትጨርስ አላቋረጣትም።

«ለዚህ ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ለዚህ ነው።»

«እኔ እኮ በልብሽ ሌላ ሰው ያለ መስሎኝ ነበር።»

«ነበረ እኮ። ፊቱን እንኳ በደንብ አላየሁትም።»

«እኔ ዛሬ አየሁት። ከአፍንጫው በቀር ምንም የለውም።» ወደ እሷ ዞረ። «ብትነግሪኝ ምን ነበር?»

«ነግሬህ፣ 'አባን እንጠይቅ' ብትለኝስ? አባስ 'አዎ፣ የዚያ ሰው ሚስት ነሽ' ቢሉኝስ? ያኔ ከማን ቤት እውል ነበር?»

ወልደማርያም እጇን ይዞ፣ በአውራ ጣቱ ጉልበቷን መታ መታ አደረገው። «አንተ ጉልበት» አለ፣ «በሐሰት ስትከሰስ ኖረሃል፤ ይቅር በለን።»

ከአዳራሹ ሲወጡ ፊያሜታ መተላለፊያው ላይ በተቀመጠ ወንበር ላይ ሆና ለሰዎች ትፈርማለች። ብርቅአየሁ ማለፍ ፈለገች፤ ልጇ በክንዷ ያዘቻት። «ማማ፣ ልትነግሪያት ይገባል። ስታስብሽ የኖረች ሴት ናት።» ስለዚህ ቀረቡ። ብርቅአየሁ የምትናገረው ጠፋባትና ዞር ብላ ጀርባዋን ሰጠቻት፤ አንድ እግሯን አንሥታ የሌላውን ቁርጭምጭሚት አከከች።

አስተርጓሚው ግራ ገባው። ፊያሜታ ግን ብዕሩን አስቀመጠች።

«ቄሱ አላጋቡኝም» አለች ብርቅአየሁ በስዊድንኛ፣ እንደገና ዞራ። «ልጆች ማንበብ የሚማሩበትን ፊደል ነው የቆጠሩት። ዛሬ ነው የሰማሁት።»

አስተርጓሚው ሲነግራት አሮጊቷ ተዋናይ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ከዘራዋን ጥላ በሁለት እጇ የብርቅአየሁን ፊት ያዘች። በየፊልሙ ስትስቅ ያየቻት ሳቅ አልነበረም፤ ይህኛው ሻካራና ያልተለማመዱት ነበር።

«እኔ እዚያ ቆሜ ቢሆን ኖሮ የአንድ አገር ፊደል በነጻ እማር ነበር!» አለች። ወደ ወልደማርያምም ዞራ፣ «ይህ ነው ትክክለኛው ባል?» ብላ ጠየቀች።

«ገና በሙከራ ላይ ነኝ» አለ ወልደማርያም።

አክሱማዊት ወደ ቤቷ በእግሯ ሄደች። ሁለቱ ወደ ቮርቢ ጎርድ የሚሄደውን ባቡር ያዙ። መስኮቱ ላይ የምሽቱ ብርሃን ገና አልጠፋም ነበር። ብሬዴንግን ሲያልፉ ብርቅአየሁ ፖስተሩን በዓይኗ ፈለገችው፤ ባቡሩ ፈጠነና አመለጣት።

ወልደማርያም ወደ ውጭ እያየ በአፍንጫው ቀስ ብሎ ያዜማል። «ሀ ግዕዝ... ሁ ካዕብ...» ከፊታቸው የተቀመጠ ወጣት ማዳመጫውን ከጆሮው አውጥቶ አየው። ወልደማርያም ሆ ላይ ሲደርስ አቆመ። ፊቱን ከመስኮቱ ሳይመልስ፣ ድንገት እንደመጣለት ሁሉ፣ «እንግዲህ ነገ ለአባ ምን ልበላቸው?» አለ።

ብርቅአየሁ ራሷን ነቀነቀች።

እሱ ወደ ውጭ ያያል፤ መስኮቱ ላይ የሚሮጡት ዛፎች ናቸው፤ አላያትም። ጥቂት ጠበቀ። ትከሻው ቀስ እያለ ዝቅ ማለት ሲጀምር አየችው።

«ወልዴ» አለችው፣ ማዳመጫውን ያወጣው ወጣትም እስኪሰማት ድረስ። «እሺ ብያለሁ እኮ። እሺ በላቸው።»